ጋዝ ረከሰ ሲባል የኛ ቢል ለምን አይወርድም? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ብርዱ ሲገባ ይህ ዓምድ የሚደርሱት ጥያቄዎች ግማሾቹ ስለ ጋዝ ቢል ናቸው። ስለዚህ የዛሬውን ሙሉውን ለሱ ሰጠነው። ጥያቄዎቹ ሁሉ ከአሜሪካ ከተሞች የመጡ ስለሆኑ ገንዘቡ ዶላር ነው፣ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር። የምናወራው ማደያ ሄደን መኪና ውስጥ ስለምንሞላው አይደለም፤ በቧንቧ ቤት ድረስ ገብቶ ምድጃውን፣ የውሃ ማሞቂያውንና የቤት ማሞቂያውን ስለሚያነደው ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ ዜና ላይ «የተፈጥሮ ጋዝ ዋጋ ወረደ» ሲባል ይሰማና ቢሉን ይዞ ይነጫነጫል። ወይ ቆጣሪው ተበላሽቷል ወይ እየዘረፉን ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ በዋሽንግተን አካባቢ ሰው በአማካይ ስንት እንደሚከፍል ባውቅ ነገሩ ይለይልን ነበር ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ መረጃ የት ይገኛል?
(የአሌክሳንድሪያዋ)

መልስ፦ አለ እህቴ፣ ያውም በነጻ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ፣ በአጭሩ ቢኤልኤስ የሚባለው፣ የኑሮ ውድነት የሚለካበትን ሲፒአይ በየወሩ ሲያወጣ ከሱ ጋር የአንዳንድ ነገሮችን አማካይ ዋጋ በዶላር ያወጣል። እንቁላል አለ፣ ዳቦ አለ፣ ቤንዚን፣ መብራት፣ የቧንቧ ጋዝም አለ። የጋዙ ዋጋ በቴርም ነው የሚቀመጠው፤ ቴርም ጋዝ የሚሰጠው ሙቀት የሚለካበት ነው። ለአገሪቱ በጠቅላላ አንድ ቁጥር አለው፣ ለተመረጡ ትልልቅ ከተሞች ከነዙሪያቸው ደግሞ ለየብቻ። የእናንተው «ዋሽንግተን፣ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ» በሚል ስም ይገኛል። የቢሮው የመረጃ ገጽ ላልለመደው ሰው ትንሽ ያደናግራል፤ የሴንት ሉዊስ ፌደራል ሪዘርቭ ባንክ ፍሬድ የሚባለው የመረጃ ቋት ይቀላል። እዚያ የአካባቢዎን ስምና «ፓይፕድ ጋዝ ፐር ቴርም» የሚለውን ቢፈልጉ ለዓመታት የተጠራቀመውን ዋጋ በአንድ መስመር ያዩታል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ጥርጣሬ እንምጣ። ዜናው የሚያወራው ስለ ሄንሪ ሃብ ነው። ሄንሪ ሃብ ሉዊዚያና ውስጥ ብዙ የጋዝ ቧንቧዎች የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ የአገሪቱ የጅምላ ዋጋ ሲነገር መነሻው እሱ ነው። እናንተ ቤት የሚመጣው ቢል ግን ሁለት ዋጋ በአንድ ወረቀት ነው። አንዱ የጋዙ ዋጋ ነው። ሌላው ጋዙን በራችሁ ድረስ ለማድረስ የሚከፈለው ነው፤ ቧንቧው፣ ጥገናው፣ የቆጣሪ ንባቡ፣ የኩባንያው ትርፍ እዚህ ውስጥ ናቸው። ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያ ደግሞ ከላይ ይጨመራል። ጅምላው ሲወርድ የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ እሱንም ዘግይቶ።

ቁጥሩን ይዩት። በ2020 የሄንሪ ሃብ አማካይ ለአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ (ይህም የሙቀት መለኪያ ነው፣ 10 ቴርም ማለት ነው) 2 ዶላር አካባቢ ነበር። በ2022 ከ6 ዶላር አለፈ፤ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ በቤት ተጠቃሚ ላይ የተጨመረው በአገር አቀፍ ደረጃ ከሲሶ ትንሽ በለጥ ያለ ነው፤ ለአንድ ሺህ ኪዩቢክ ጫማ (እሱም 10 ቴርም ገደማ ነው) ከ11 ዶላር ገደማ ወደ 15 ዶላር ገደማ። ከዚያ 2023 መጣ፤ ጅምላው ከግማሽ በላይ ተንኮታኮተና ወደ 2.50 ዶላር አካባቢ ወረደ። የቤቱ ዋጋስ? እዚያው 15 ዶላር አካባቢ ቁጭ አለ። ባለቤትዎን የሚያናድደው ይኼው ነው፣ መናደዱም ያለ ምክንያት አይደለም።

ግን ዝርፊያ ብሎ ከመደምደም በፊት ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በአብዛኞቹ ግዛቶች ጋዝ አከፋፋዩ በጋዙ ላይ እንዲያተርፍ አይፈቀድለትም፤ በገዛበት ዋጋ ያስተላልፋል፣ ያጎደለውን ወይም ያበዛውን በኋላ ቢል ላይ ያስተካክላል። ስለዚህ ያለፈው ዓመት ውድ ጋዝ ዘንድሮ ቢላችሁ ላይ ሊገኝ ይችላል። ትርፉ ያለው ቧንቧው ላይ ነው። ኩባንያዎቹ ያረጁ ቧንቧዎችን እየቀየሩ ወጪውን ከነትርፉ ከደንበኛ ይሰበስባሉ፤ ቨርጂኒያ በ2010፣ ሜሪላንድ ደግሞ በ2013 ይህን የሚያፋጥን ሕግ አውጥተዋል። ያረጀ የጋዝ ቧንቧ መቀየር ለደኅንነት ያስፈልጋል፤ ስንት ነው፣ በምን ፍጥነት ነው የሚለው ግን ሰዎች የሚከራከሩበት ነው። ለኔ እንደሚመስለኝ ሰው ዓይኑን ሄንሪ ሃብ ላይ ተክሎ ይህኛውን ሳያይ ያልፋል።

ቆጣሪውን በተመለከተ እንዲህ አድርጉ። ጠቅላላ ቢሉን ለተጠቀማችሁት ቴርም አካፍሉ። 96 ዶላር ሆኖ 60 ቴርም ካለ 1.60 ነው። ይህን በዚያው ወር ካለው የዋሽንግተን አካባቢ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ተቀራራቢ ከሆነ ዋጋው የሁሉም ሰው ዋጋ ነው፤ ቢሉን ያናረው የተጠቀማችሁት ብዛት ነው። ቀጥሎ ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር ስንት ቴርም እንደነበር ተመልከቱ፤ ብዙ ኩባንያዎች ቢሉ ላይ በትንሽ ሥዕል ያሳዩታል። ስንት ቀን እንደተቆጠረም እዩ፤ 28 ቀንና 34 ቀን አንድ አይደሉም። ንባቡ «ግምት» የሚል ከሆነ ደግሞ ቆጣሪውን ራሳችሁ አንብባችሁ ደውሉ። ይህ ሁሉ ተጣርቶ ቴርሙ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ፣ አየሩም እንዳምናው ከሆነ፣ ያኔ ቆጣሪው ይመርመርልን ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የኔ ቢል ላይ ቴርም ይላል፣ የእህቴ ላይ ሲሲኤፍ ይላል፣ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ኤምሲኤፍ አየሁ። እንዴት ነው የማወዳድረው?
(ከዴንቨር)

መልስ፦ ቴርም የሙቀት መጠን ነው፣ 100,000 ቢቲዩ። ሲሲኤፍ ደግሞ በቆጣሪው ያለፈው ጋዝ ይዘት ነው፣ 100 ኪዩቢክ ጫማ። የአሜሪካ የቧንቧ ጋዝ በኪዩቢክ ጫማ 1,037 ቢቲዩ ገደማ ስለሚሰጥ አንድ ሲሲኤፍ ከአንድ ቴርም ትንሽ ይበልጣል፤ ለቤት ወሬ እኩል ናቸው ብትዪ ማንም አይጣላሽም። ግን አንቺ ያለሽው ከፍታ ላይ ነው፣ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ አንድ ሲሲኤፍ የሚሰጠው ሙቀት ከአንድ ቴርም ሊያንስ ይችላል። ቢሉ ላይ የሙቀት ማባዣ (ሲሲኤፉን ወደ ቴርም የሚለውጥ ቁጥር) ካለ እሱን ተጠቀሚ። ኤምሲኤፍ 1,000 ኪዩቢክ ጫማ ነው፣ የአሥር ሲሲኤፍ ድምር። ጅምላ ዜና ላይ የሚሰማው «ሚሊዮን ቢቲዩ» 10 ቴርም ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሲያትል ነኝ። የሲያትል፣ ታኮማ፣ ቤልቪውን የጋዝ ዋጋ ለብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ኤክሴል ላይ አስገባሁት፣ የራሴንም ቢል ጎን ለጎን። ሁለት ነገር አልገባኝ አለ። በጁላይና በኦገስት የኔ ዋጋ በቴርም 3 ዶላር ይገባል፣ የከተማው ቁጥር ግን እንደዚያ አይዘልም። ሌላው፣ አገሩ ሁሉ ሲረጋጋ የኛ አካባቢ ብቻውን የሚወጣበት ጊዜ አለ። የሠራሁት ተሳስቷል?
(ኤክሴሉ)

መልስ፦ አልተሳሳትክም ወንድሜ፣ እንዲያውም እንዳንተ የሚከታተል ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

የጁላዩ ነገር ወርሃዊ ቋሚ ክፍያው ነው። እሱ እንደ ዕድር መዋጮ ነው፤ ሰው ሞተም አልሞተም ትከፍላለህ። ለምሳሌ ቋሚው 15 ዶላር፣ ጋዙና ማድረሻው በቴርም 1.20 ነው እንበል። በጃንዋሪ 100 ቴርም ብታነድ ጠቅላላው 135 ዶላር ይሆናል፤ በቴርም 1.35። በጁላይ ምድጃና ሻወር ብቻ ስለሆነ 8 ቴርም ብትጠቀም 24 ዶላር ከ60 ሳንቲም ትከፍላለህ፤ በቴርም ከ3 ዶላር በላይ። ጋዙ በሳንቲም አልተወደደም። 15 ዶላሩ የሚካፈልበት ቴርም ስላነሰ ነው። ኢአይኤ የሚባለው የኢነርጂ መረጃ መሥሪያ ቤት በየግዛቱ የሚያወጣው የቤት ጋዝ ዋጋ የኩባንያዎቹን ገቢ ለተሸጠው ጋዝ አካፍሎ ስለሚያገኝ በሙቀቱ ወራት ልክ እንዳንተ ቢል ጉብ ይላል። የቢኤልኤስ የከተማ ቁጥር ግን ከተለያዩ ቤቶች በናሙና የሚሰበሰብ ስለሆነ አንድ ማሞቂያውን ያጠፋ ቤት ከሚያወጣው ቁጥር ጋር እንዲገጥም አትጠብቅ።

ስለዚህ ወርን ከወር አታስተያይ። ጃንዋሪን ከጃንዋሪ አወዳድር። የበለጠው ደግሞ የአሥራ ሁለት ወር ቢልህን ደምረህ ለአሥራ ሁለት ወሩ ቴርም ማካፈል ነው፤ በየወሩ አንድ አዲስ እያስገባህ አንድ አሮጌ እያወጣህ ብትሄድ መስመሩ ይረጋጋልሃል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቢኤልኤስ ራሱ እንደሚለው አማካይ ዋጋው የሚያገለግለው በአንድ ወር ዋጋው የት ደረጃ ላይ እንዳለ ለማየት ነው፤ በዓመታት ውስጥ ስንት ፐርሰንት ጨመረ ለማለት የሲፒአይ ኢንዴክሱ ይሻላል። አማካዩ ለወቅት ለውጥም አልተስተካከለም። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ቢሮው የአካባቢዎቹን ወሰን ቀይሯል። የእናንተው ድሮ በቤልቪው ፈንታ በብሬመርተን ስም ነበር የሚጠራው፤ ዋሽንግተን ዲሲም ከባልቲሞር ጋር አንድ ላይ ትቆጠር ነበር። ከዚያ ወዲያና ወዲህ ያለውን ስትቀጥል ይህን አስብ።

ሁለተኛው ጥያቄህ ነው ለኔ ደስ የሚለኝ፣ ምክንያቱም የከተማ ቁጥር መከታተል ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው እሱ ነው። ጋዝ እንደ ቤንዚን በመኪና አይዞርም። ቧንቧው ያለበት ብቻ ነው የሚሄደው። ሲያትል ጋዟን በብዛት የምታገኘው ከካናዳና ከሮኪ ተራሮች አካባቢ ነው። በኦክቶበር 2018 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ፕሪንስ ጆርጅ አጠገብ አንድ ትልቅ ቧንቧ ፈነዳ፤ በእናንተ በኩል ያለው የጅምላ ዋጋ ተተኮሰ፣ ሉዊዚያና ያለው ሰው ግን ያን ያህል አልተሰማውም። በ2022 መጨረሻና በ2023 መጀመሪያም በምዕራቡ ጠረፍ በሙሉ የጋዝ ዋጋ ተሰቀለ፤ ብርዱ ጠና፣ ማከማቻው ሳሳ፣ ከምዕራብ ቴክሳስ የሚመጣው መስመርም አቅሙ ቀንሶ ነበር። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የጃንዋሪ 2023 ቢል ለብዙ ቤት እጥፍ ሆነ። በዚያው ወር ሄንሪ ሃብ እየወረደ ነበር። በእናንተ ግዛት ላይ ደግሞ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ የካርቦን ልቀትን የሚያስከፍለው ሕግ ሥራ ላይ ስለዋለ የሱም ወጪ በጋዝ ቢል በኩል ይመጣል። ኤክሴልህ ላይ እነዚህን ቀኖች ምልክት አድርግባቸው፣ ጉብታዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት፣ ጡረተኛ ነኝ። አንድ ልጅ በር አንኳኩቶ ዋጋው የማይቀያየር ጋዝ እንሸጥልዎታለን፣ ቢልዎን ያሳዩኝ ብሎ ነበር። ኩባንያው የላከው መሰለኝ። ልጄ ተቆጣችኝ። ማን ትክክል ነው?
(ጡረተኛው)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎ ትክክል ናት። ቢሉን አያሳዩ። የደንበኛ ቁጥርዎ እዚያ ላይ ነው፤ እሱን ካገኘ ውል ውስጥ ለማስገባት ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ጋዙን ከሌላ ሻጭ መግዛት የሚፈቀድባቸው ናቸው። የሚቀየረው ግን ቀደም ብለን ካልናቸው ሁለት ዋጋዎች የመጀመሪያው ብቻ ነው። ቧንቧው ያው ነው፣ የማድረሻው ክፍያ ያው ነው፣ ጋዝ ቢሸት የሚደውሉለትም ያው አከፋፋይ ነው። ስለዚህ ሻጩ የሚጠራልዎትን ሳንቲም ከጠቅላላ ቢልዎ ጋር ሳይሆን ቢሉ ላይ ለብቻው ከተጻፈው የጋዝ ዋጋ ጋር ያስተያዩ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፤ ሻጩ «በቴርም 70 ሳንቲም» ይላል፣ ደንበኛው በቴርም 1.60 እየከፈልኩ አይደል እንዴ ብሎ ይፈርማል፣ ከዚያ ማድረሻው ከላይ ይመጣበታል። ውሉ ስንት ወር እንደሆነ፣ ሲያልቅ ዋጋው ምን እንደሚሆን፣ ቶሎ ለመውጣት ቅጣት እንዳለው ይጠይቁ፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። ሜሪላንድ በዚህ ንግድ ላይ ብዙ እሮሮ ስለነበረ በ2024 ጠበቅ ያለ ሕግ አውጥታለች፤ የቤት ተጠቃሚ ውል ከ12 ወር እንዳይበልጥ ይከለክላል። የማይለዋወጥ ዋጋ ሁልጊዜ መጥፎ ነው አልልም፣ በ2021 የተፈራረመ ሰው በ2022 ሳይደሰት አልቀረም። ግን በር ላይ ቆሞ የሚወሰን ነገር አይደለም።

አትላንታ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ነገር ይለያል። ጆርጂያ በ1997 ባወጣችው ሕግ ቧንቧው የአንድ ኩባንያ ሆኖ ጋዙን የሚሸጡት ሌሎች ናቸው፤ ስለዚህ መምረጥ ግዴታችሁ ነው። የአትላንታ አማካይ ቁጥርም የብዙ ሻጮች ቅልቅል ስለሆነ ከጎረቤታችሁ ጋር አንድ ዓይነት ዋጋ ባትከፍሉ አይግረማችሁ።

ጥያቄ፦ ዳላስ። ቢሌ ላይ «ከስተመር ሬት ሪሊፍ» የሚል ክፍያ አለ። ምንድነው?

መልስ፦ የፌብሩዋሪ 2021 ውርጭ ዕዳ ነው። ያኔ ቴክሳስ ውስጥ የጋዝ ጉድጓዶችና መስመሮች ቀዝቅዘው ቆሙ፣ የቀረው ጋዝ ዋጋው ሰማይ ነካ፣ አከፋፋዮቹም በዚያ ዋጋ ገዙ። ዕዳው በአንድ ወር ቢል ላይ ቢመጣ ሰው አይችለውም ተብሎ ግዛቱ በ2023 ወደ 3.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ ሸጠ፤ እሱ ነው በትንሽ በትንሹ ለረጅም ዓመታት ከእናንተ የሚሰበሰበው። የዛሬ ጋዝ ዋጋ ሲወርድ አይወርድም። የዋጋ ክትትል ስታደርግ ለብቻው አውጥተህ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ ነን። ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚከፈልበት ዘዴ አለ ተባልን። ያዋጣል? ደግሞስ ዋጋው በዛ ብሎ ሰው ለማን ነው አቤት የሚለው?
(ባልና ሚስት)

መልስ፦ እኩል ክፍያው ቅናሽ አይደለም። ኩባንያው ያምናውን ፍጆታችሁን ለ12 ያካፍለዋል፤ እንደናንተ ብርድ ለሚበዛበት አገር ጃንዋሪን ያቀላል፣ ጁላይን ያከብዳል። ችግሩ በየወሩ አንድ ዓይነት ቁጥር ስታዩ ምን ያህል እንደምታነዱ መከታተል ትተዋላችሁ፣ ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ ማስተካከያ ይመጣና ትደነግጣላችሁ። ከገባችሁበትም የሚከፈለውን ትታችሁ ቴርሙን አንብቡ።

አቤቱታው ሁለት ዓይነት ነው። ቆጣሪ፣ ንባብ፣ የተሳሳተ ቢል ከሆነ መጀመሪያ ኩባንያው፣ ካልሰማ የጋዝና የመብራት ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የግዛቱ የዩቲሊቲ ኮሚሽን። ዋጋው ራሱ በዛ ከሆነ ግን የኩባንያው ስልክ አንሺ ምንም ማድረግ አይችልም። የማድረሻ ዋጋ የሚወሰነው ኩባንያው ጭማሪ ሲጠይቅ ኮሚሽኑ በሚከፍተው መዝገብ ላይ ነው፤ እዚያ ማንም ደንበኛ አስተያየቱን በጽሑፍ ማስገባት ወይም ቀርቦ መናገር ይችላል። እውነቱን ለመናገር የኛ ሰው እዚያ ሲታይ አልሰማሁም፣ ቡና ላይ ግን ሁላችንም ጠበቃ ነን። በብዙ ግዛቶች ለደንበኛው የሚከራከር የመንግሥት ቢሮም አለ፤ ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ «ፒፕልስ ካውንስል» ይባላል።

መክፈል ላቃተው ቤተሰብ ደግሞ ላይሂፕ የሚባለው የፌደራል የማሞቂያ ድጎማ አለ፤ በገቢና በቤተሰብ ብዛት ነው የሚታየው፣ ማመልከቻው በየግዛቱ ነው። ገንዘቡ የተወሰነ ስለሆነ ብዙ ቦታ ቀድሞ ያመለከተ ይቀድማል። ቢሉ ተጠራቅሞ የማቋረጫ ደብዳቤ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ የቅርብ ጊዜ ቢላችሁን፣ የገቢ ማስረጃና መታወቂያ ይዛችሁ ብርዱ ሳይጠና ሂዱ።